ዕጽዋት ከኬሞቴራፒ ጉዳት ይታደጋሉን?

በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ሾላ ገበያ፣ ቅመም በሚሸጥባቸው መደቦች ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና ዝንጅብል አይጠፉም። ከከተማዋ በስተሰሜን ከፍ ብሎ በሚታየው የእንጦጦ ተራራም ባሕር ዛፉ ሳይውጣቸው የቀሩ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና አጣጥ አሉ። የካንሰር ሕክምና የጀመረ የቤተሰብ አባል ያለው ሰው ከእነዚህ አንዱ ተፈልቶ ወይም ተወቅጦ ቢወሰድ መድኃኒቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንስ እንደሆነ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው የየዋህ ጥያቄ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎችም ለዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል።

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ለማጥፋት የተዘጋጀ ነው። የካንሰሩን ሴል ከጤናማው የመለየት ችሎታው ግን ውስን ነው። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለውና የደም ሴሎች ቁጥር የሚያሽቆለቁለው በዚህ ምክንያት ነው። በልብና በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሌላ መንገድ አለው።

ለጡት ካንሰር በስፋት የሚሰጠውን ዶክሶሩቢሲንን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በቀይ ቀለሙ የሚታወቀው ይህ መድኃኒት ወደ ልብ ጡንቻ ሲገባ በሴሉ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ጋር ይጣመርና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ሞለኪውሎች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። የልብ ጡንቻ ደግሞ እነዚህን ሞለኪውሎች የሚያመክኑ ኢንዛይሞች ክምችቱ ከጉበት ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱ ይበረታበታል። ሐኪሞች አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የሚወስደው ድምር መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚጠነቀቁትም ለዚሁ ነው። ለማኅፀን በር ካንሰር ከጨረር ሕክምና ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን በበኩሉ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል።

ዕጽዋት ወደዚህ ጉዳይ የሚገቡት በፍሪ ራዲካል በኩል ነው። ተክል እንደ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሥር መቀመጥ አይችልምና ራሱን የሚከላከልባቸውን ፍላቮኖይድን የመሳሰሉ ውሕዶች ያመርታል። ፍሪ ራዲካልን ስለሚያመክኑም አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። መድኃኒቱ እሳቱን ካነሣ፣ ተክሉ ውኃውን ይዞ ይደርሳል እንደማለት ነው። የአይጥ ሙከራዎች ይህን ሐሳብ በተደጋጋሚ ደግፈዋል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንና በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኩዊኖን የአይጦችን ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ከኬሞቴራፒ ጉዳት ሲከላከሉ ታይተዋል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የአገር ውስጥ ዕጽዋት ጭማቂ የአይጥን ጉበት ከመርዝ ለመከላከል ያለው አቅም ይመረመራል።

ይሁንና አይጧ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር የለባትም። ጭማቂው ልቧን ማዳኑ ይታያል እንጂ ዕጢውንም አብሮ ማዳን አለማዳኑ አይታይም። ለታማሚው ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ነው። በዚያ ላይ ለአይጧ የሚሰጠው መጠን ከክብደቷ አንጻር ሲሰላ ማንም ሰው በወጥ ውስጥ ከሚበላው እጅግ የበለጠ ነው። ኩርኩሚንም ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ብቻ ነው።

በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥራቸው ያነሰ፣ ውጤታቸውም የተቆጠበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ጥናት የደም ካንሰር ያለባቸውና በኬሞቴራፒ ጉበታቸው የተጎዳ 50 ሕፃናት ተሳትፈው ነበር። ሲሊማሪን የተባለውን የአሜከላ ዘር ውሕድ የወሰዱት ሕፃናት የጉበት ጉዳትን ከሚያመለክቱ ኢንዛይሞች አንዱ መጠነኛ መቀነስ አሳይቶላቸዋል። በግብፅም በጥቁር አዝሙድ ላይ ተመሳሳይ አነስተኛ ጥናት ተደርጎ ተስፋ ሰጪ ውጤት ተገኝቷል። ሁለቱም ግን ሐኪሞች መጠኑን ወስነውና ደሙን እየመረመሩ ያካሄዷቸው ናቸው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 1 ሺህ 134 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሏል። ከሕክምናው በፊትም ሆነ በሕክምናው ወቅት ቫይታሚን ኤ፣ ሲ፣ ኢ እና መሰል አንቲኦክሲዳንቶችን በእንክብል የወሰዱት ታማሚዎች በሽታው የማገርሸት አዝማሚያው ከፍ ብሎባቸዋል፤ ልዩነቱ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ባይበቃም። ስጋቱ ግልጽ ነው፤ ጋሻው ለልብ ብቻ ሳይሆን ለዕጢውም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ተክሉ ራሱ መድኃኒቱን የሚያከሽፍበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ የተደረገ ምርምር በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት ቦርቴዞሚብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ሥራውን እንደሚያስቆመው አሳይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች አሜጃ ከሚባለው ዛፍ ጋር በአንድ ወገን የሚመደበው የአውሮፓ ዕፅ ደግሞ ጉበት መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል። በዚህም ሳቢያ ኢሪኖቴካን የተባለው መድኃኒት በደም ውስጥ የሚሠራው ክፍል በ42 በመቶ እንዲቀንስ አድርጓል።

የተፈጥሮ መሆን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለኢትዮጵያውያን ከኮሶ የተሻለ አስረጅ አያስፈልግም። ትልን ለማስወጣት ለዘመናት ያገለገለው ይህ ዛፍ መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ በሕክምና መዛግብት ሰፍሯል። ወጥ ውስጥ የሚገባ እርድ ወይም ዳቦ ላይ የሚነሰነስ ጥቁር አዝሙድ ከዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም፤ ጥያቄው ያለው በብዛት ተጨምቆና ተወቅጦ በየዕለቱ በሚወሰደው ላይ ነው። ነጭ የደም ሴሉ የቀነሰ ታማሚ ያልበሰለ ቅጠል ሲወስድ ደግሞ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል።

ልብን ከዶክሶሩቢሲን ለመጠበቅ ተፈትኖ የጸደቀው ዴክስራዞክሳን ከተክል የተቀዳ አይደለም። ብረቱን ይይዛል፤ ከዚህም በላይ ዶክሶሩቢሲን በልብ ሴል ውስጥ የሚያጠቃውን ቶፖአይሶሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይከላከላል። ፍሪ ራዲካልን ብቻ የሚያመክኑ ውሕዶች በሰው ላይ የተጠበቁትን ያህል ያልሠሩበት አንዱ ምክንያት ጉዳቱ በሁለት በር የሚገባ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

የኢትዮጵያ ዕጽዋት ለካንሰር ሕክምና ካበረከቱት ሁሉ ጎልቶ የሚታየውም ጋሻ ሳይሆን መርዝ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ሰብስበው ወሰዱ። ከዚሁ ቁጥቋጦ የተገኘው ሜይታንሲን የተባለ ውሕድ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሳይንሱ ዓለም ይፋ ሆነ። በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን የመግደል ኃይሉ በወቅቱ ከነበሩት መድኃኒቶች በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ለሰው ሲሰጥ ግን አንጀትንና ነርቭን ክፉኛ ስለጎዳ ሙከራው ተቋረጠ።

መፍትሔው ከዓመታት በኋላ ሲገኝ በሰውነት ውስጥ ጋሻ መበተን አልሆነም፤ መርዙን ከአድራሻው ጋር ማሰር ሆነ። የሜይታንሲን ዝርያ የሆነ ውሕድ፣ ሄር ቱ የተባለው ፕሮቲን የበዛባቸውን የጡት ካንሰር ሴሎች ለይቶ በሚይዝ ጸረ-አካል ላይ ተጣብቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ። መርዙ በአብዛኛው የሚለቀቀው ወደ ዕጢው ሴል ከገባ በኋላ ነው። ያም ሆኖ መድኃኒቱን የሚወስዱ ታማሚዎች ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የጉበት ምርመራ ይደረግላቸዋል።