መኮትኮቻው ቅጣት አይደለም፦ የትምህርት ቤት ጓሮና የልጆቻችን የአእምሮ ጤና

በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉም ሆናችሁ በአገር ቤት፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችሁ የሚገባ ነው። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል? “እንዴት ዋልክ?” ሲባል “ደህና” ብሎ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል? ብዙ ወላጅ ይህን ጥጋብ ወይም ስንፍና አድርጎ ይወስደዋል። አንዳንዴ እውነትም የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዴ ግን ልጁ ተጨንቋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ10 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 4ቱ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘወትር ሥራቸውን እስኪተዉ ድረስ ማዘናቸውንና ተስፋ መቁረጣቸውን ተናግረዋል። ከሴቶቹ ደግሞ ይህን ያሉት ከግማሽ በላይ ናቸው። እዚያው አገር የሚማሩ የእኛም ልጆች ከዚህ ውጭ አይደሉም።

ታዲያ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ የጎመን መደብ ለዚህ ሁሉ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 የምግብ ባለሙያዋ አሊስ ዋተርስ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ወደ አትክልት ስፍራ የመለወጥ ሥራ ጀመረች። ተማሪዎቹ ይተክላሉ፣ ያጭዳሉ፣ ያበስላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ሥራው እንደ ትርፍ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያው ጥቅም ለደከመ አእምሮ ዕረፍት መስጠቱ ነው። በኢሊኖይ ግዛት በ5 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 94 ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ነበር። ተማሪዎቹ በዕጣ በሦስት ዓይነት ክፍሎች ተመደቡ፦ መስኮት የሌለው፣ መስኮቱ ሕንፃ የሚያሳይ፣ መስኮቱ ዛፍና አረንጓዴ ስፍራ የሚያሳይ። ከአድካሚ ሥራና ከአጭር ዕረፍት በኋላ ሲፈተኑ፣ አረንጓዴ የሚያዩት ከጭንቀታቸው በተሻለ ሁኔታ አገገሙ፤ ትኩረታቸውም በለጠ። ይህ በመስኮት በማየት ብቻ የተገኘ ነው። ወጥቶ አፈሩን መንካት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ጭቃ በነካው እጅ ስልክ አይያዝም።

ሁለተኛው ከሰው ጋር ማገናኘቱ ነው። ይኸው የአሜሪካ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ በትምህርት ቤታቸው ካሉ ሰዎች ጋር እንደሚቀራረቡ ከሚሰማቸው ተማሪዎች የማያቋርጥ ሐዘን የገለጹት 35 በመቶ ሲሆኑ፣ ቅርበት ከማይሰማቸው ግን 53 በመቶ ናቸው። ወጣት ፊት ለፊት አስቀምጠው “ችግርህን ንገረኝ” ሲሉት ዝም ይላል። ጎን ለጎን አረም ሲያርም ግን አፉ ይፈታል። ቡና ሲለቀም፣ ጤፍ ሲታረም ጨዋታ እንደሚደራ እናቶቻችን ያውቁታል።

ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። ችግኝ ውኃ ካላገኘ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ልጁ የሚጠብቀው ነገር አለው። ያልበቀለው ዘር እንደገና ይዘራል እንጂ በውጤት ካርድ ላይ ቀይ ምልክት አይሆንም። በፈተና ብዛት ለሚንገላታ ልጅ፣ ወድቆ መነሳትን ያለ ሐፍረት የሚለማመድበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው።

ለስደተኛ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ትርጉም አለው። በቋንቋ ምክንያት ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ፣ የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም ሲተከል የሚናገረው ያገኛል። አልጀብራ ማስረዳት ያልቻለች እናትም እዚያ መደብ ላይ አስተማሪ ትሆናለች። ልጅ እናቱ በሌላ ሰው ፊት ስትከበር ማየቱ እንዴት እንደሚያቆመው መናገር አያሻም።

እዚህ ላይ ግን በግልጽ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። በብዙ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ወይም የረበሸ ተማሪ የሚታዘዘው አረም እንዲያርም፣ ሣር እንዲያጭድ ነበር። መኮትኮቻ በአእምሯችን ከቅጣት ጋር ተቆራኝቷል። “ልጄን አፈር እንዲቆፍር ብዬ አይደለም ባሕር አቋርጬ ያመጣሁት” የሚል ወላጅ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ስሜቱን እንረዳለን። ነገር ግን ተገዶ መቆፈርና የራስን መደብ መንከባከብ ለየቅል ናቸው። በአገር ቤት ያላችሁ መምህራንም ይህን ልብ በሉልን፤ ጓሮው መቅጫ ከሆነ የሚፈውሰው አእምሮ የለም።

ጓሮ መድኃኒት አለመሆኑንም እንወቅ። ልጃችሁ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ፣ “ሰው ምን ይላል” ሳትሉ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታይ። አሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሉ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

በመጪው የወላጆች ስብሰባ ሦስት ነገር ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ አለው? ከፍ ያሉት ተማሪዎች በክፍለ ጊዜያቸው ይገቡበታል ወይስ ለፎቶግራፍ ብቻ ነው? ትምህርት ሲዘጋ ማን ይንከባከበዋል? ብዙ ጓሮዎች የሚሞቱት በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ነው። በውጭ አገር በበጋው ዕረፍት ውኃ የሚያጠጣ ይጠፋል፤ በአገራችን ደግሞ ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል፣ አረሙ ግን ይውጠዋል። ቤተሰቦች በየሳምንቱ ተራ ቢይዙ ችግሩ ይቃለላል። የእናንተ ተራ ሲደርስ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምክር አታብዙ፤ አብራችሁ አርሙ፣ ሲናገር ስሙት።