«8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ሲሏችሁ

ሽንኩርት ሸጦ ባጠራቀመው ብር፣ የሠርግ ቪዲዮ ላቀናብርበት ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ላፕቶፕ የገዛ የጀውሃ ልጅ አለ። ሻጩ «ግራፊክሱ 8 ጊጋ ነው» አለው፤ አመነ! ቤቱ ሲገባ ግን ቪዲዮው አልንቀሳቀስ አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላፕቶፑ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ እየተበደረ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የራሙን ግማሽ «ሼርድ» ብሎ ያሳያል፤ ከ16 ጊጋ 8 መሆኑ ነው። (ሻጩ ዋሸ እንዳትሉት ቁጥሩ አለ!)

እናንተ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ጂፒዩ» የሚለውን ክፈቱ፤ ሁለት ካለ ሁለቱንም። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ «ዴዲኬትድ» የሚለው ነው። እሱ ከሌለ ወይም ኢምንት ከሆነ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሩ።

ልጁማ አሁን ፊልም ያይበታል። ለፊልም እንኳ አያንስም።