ሜሞሪ ከመግዛት በፊት ከማዘርቦርዱ ጋር መጣጣሙን ስለማረጋገጥ

በሰሜን ወሎ ዞን በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ኮምፒውተር ገጣጥመው ለመጠቀም ወይም ነባሩን ለማሻሻል የሚፈልጉ ተገልጋዮች አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባ ጉዳይ ሜሞሪው (ራሙ) ከማዘርቦርዱ ጋር መጣጣሙ ነው። ሜሞሪ ሁሉ ቀጭን ሰሌዳ በመሆኑ አንዱ ከሌላው የማይለይ ይመስላል። የማይገጥም ዕቃ የገዛ ሰው ግን ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዳግም ይመላለሳል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ታዝዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መልሶ መላክ ይኖርበታል። የኮፒና የጽሕፈት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ የበርካታ ቀናት ገቢ ማጣት ነው።

በመጀመሪያ የሚጣራው የሜሞሪው ትውልድ ነው። ዲዲአር3 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር4 በ2014 ወደ ገበያ የገቡ ሲሆን የዲዲአር5 መስፈርት የወጣው በ2020 ነው። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ሜሞሪ 240 የመገናኛ ጥርሶች ሲኖሩት ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እያንዳንዳቸው 288 አላቸው። የጥርሶቹ ቁጥር እኩል ሆነ ማለት ግን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል ማለት አይደለም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በተለያየ ቦታ የተደረገውም ስህተቱን ለመከላከል ነው። የሚሠሩበት የኤሌክትሪክ መጠንም እንደ ቅደም ተከተላቸው 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ቮልት ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ከማስገቢያው ጋር ካልገጠመ በኃይል መጫን ማዘርቦርዱንም ሜሞሪውንም ያበላሻል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፕሮሰሰሩን ብቻ አይተው ሲገዙ ነው። የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከዲዲአር4 ጋርም፣ በ1.35 ቮልት ከሚሠራው ዲዲአር3ኤል ጋርም ይሠራል፤ 12ኛው ትውልድ ደግሞ ሁለቱንም ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ይቀበላል። ማዘርቦርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ከሁለቱ አንዱን ነው። በመሆኑም «ኮር አይ5 ነው» የሚለው መረጃ ለሻጩም ለገዢውም በቂ አይደለም። ለዲዲአር3ኤል በተሠራ ባለ6ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ የ1.5 ቮልቱን ዲዲአር3 መሰካትም ፕሮሰሰሩን ሊጎዳ ይችላል።

ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው ከማዘርቦርዱ የሞዴል ስም ነው። ስሙ በሰሌዳው ላይ በጉልህ ታትሞ ይገኛል፤ እንደ ዴልና ኤችፒ ባሉ በፋብሪካ በተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ላይ ግን በሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን የኮምፒውተሩን ሞዴል መያዝ ይሻላል። በዚህ ስም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበለውን የሜሞሪ ዓይነት፣ ከፍተኛውን መጠንና የተሞከሩ ሜሞሪዎችን ዝርዝር ማየት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የሚነሳ ከሆነ በዊንዶውስ 10 እና 11 ታስክ ማናጀር ውስጥ ያለው የሜሞሪ ገጽ ፍጥነቱንና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ያሳያል። ኢንተርኔት ለሚያስቸግረው ሰው ከሁሉ የሚቀለው ነባሩን ሜሞሪ ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ይዞ መሄድ ነው።

በሜሞሪው ላይ ያለው ጽሑፍም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። «ፒሲ3-12800» ማለት በ1600 ፍጥነት የሚሠራ ዲዲአር3፣ «ፒሲ4-19200» ማለት በ2400 የሚሠራ ዲዲአር4 ነው። በኮዱ ውስጥ የሚከተለው የላቲን ፊደል «ዩ» ከሆነ የተለመደው የዴስክቶፕ፣ «ኤስ» ከሆነ የላፕቶፕ፣ «አር» ከሆነ የሰርቨር ሜሞሪ መሆኑን ያመለክታል። የሰርቨር ሜሞሪ አገልግሎት ላይ ከዋሉ ዕቃዎች ጋር በርካሽ ሊቀርብ ይችላል፤ በዲዲአር3 እና በዲዲአር4 ትውልዱ አንድ ከሆነ በማስገቢያው ውስጥ ይገባል፣ የተለመደው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን አይነሳም። ዋጋው ከተለመደው በጣም ያነሰ ባለ16 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲቀርብ ይህን ፊደል ማየት ያስፈልጋል።

የመጠኑም ነገር አለ። ሁለት ማስገቢያ ያላቸው ብዙ የዲዲአር3 ማዘርቦርዶች በድምሩ ከ16 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም። ባለ32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት የግል ኮምፒውተር ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም መጀመሪያ ዊንዶውሱን ወደ 64 ቢት መቀየር እንጂ ሜሞሪ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። የፍጥነት ልዩነት ግን ብዙ አያሳስብም፤ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሜሞሪዎች አብረው ሲሰኩ በአብዛኛው ሁለቱም በዝቅተኛው ይሠራሉ።

ተገቢው ሜሞሪ ገብቶም ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ ተበላሽቷል ብሎ ከመደምደም በፊት ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ ሜሞሪውን አውጥቶ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ በቀስታ መጥረግና ሁለቱም ጫፎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ መልሶ መሰካት ይገባል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ይፈታል።

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ሆኖም ደህና የሚሠራ፣ ነገር ግን ከገዢው ማዘርቦርድ ጋር ያልገጠመ ሜሞሪ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ተገልጋዩ የማዘርቦርዱን ሞዴል ለሻጩ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ሜሞሪው ለዚያ ሞዴል የተሸጠ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ካልገጠመና ሻጩ አልቀይርም ካለ ይህንኑ ደረሰኝ ይዞ በየወረዳው ወይም በየከተማ አስተዳደሩ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።