ከሰውነት የሚወጣ ብርሃን፦ ከኪሊማኒ ወንዝ ዳር እስከ ሕንድ ውቅያኖስ

አንዳንድ ፍጥረታት ብርሃን የሚያወጡት ከገዛ ሰውነታቸው ነው። በየብስ ላይ አብሪ ጢንዚዛ፣ ጥቂት የእንጉዳይ ዝርያዎችና አንዳንድ ትሎች ይህ ችሎታ አላቸው፤ በባሕር ውስጥ ደግሞ ከባክቴሪያ እስከ ሻርክ ድረስ ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው። ብርሃኑ የሚገኘው በሰውነታቸው ውስጥ ከሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ እንጂ ቀን ከፀሐይ ከተጠራቀመ ጨረር አይደለም። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የጅብ ዓይን በመኪና መብራት ፊት ቦግ ብሎ የሚታየው በዓይኑ የኋላ ክፍል ያለው አንጸባራቂ ሽፋን የደረሰውን ብርሃን መልሶ ስለሚልከው ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ዓይኑም ይጨልማል። ጊንጥም በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ሆኖ የሚደምቀው ቆዳው የተቀበለውን የማይታይ ጨረር ወደሚታይ ቀለም ለውጦ ስለሚመልሰው ነው። አብሪ ጢንዚዛ ግን አንዳች ጨረር በማይገባበት ጨለማም ያበራል።

የዚህን ብርሃን ምስጢር ለመፍታት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሮበርት ቦይል በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት በመስታወት ውስጥ ዘግቶ አየሩን በፓምፕ ሲያወጣው ብርሃኑ ደከመ፤ አየሩን ሲመልስለት እንደገና በራ። ኦክስጅን የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለሆነ ቦይል ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ቀጣዩን ትልቅ እርምጃ የወሰደው ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቧ ነው። በ1880ዎቹ ከሌላ የሚያበራ የጢንዚዛ ወገንና ከአንድ አብሪ ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ በቀዝቃዛና በሙቅ ውኃ ጭማቂ አወጣ። የቀዝቃዛው ጭማቂ ጥቂት በርቶ ጠፋ፤ የሙቁ ጨርሶ አልበራም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ብርሃን ወጣ። ዱቧ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ዛሬም የጸና ነው፦ አንዱ የሚቃጠለው ንጥረ ነገር ነው፣ ሌላው ቃጠሎውን የሚያስነሳው ኢንዛይም ነው። የመጀመሪያውን ሉሲፈሪን፣ ሁለተኛውን ሉሲፈሬዝ አላቸው። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ነው የሙቁ ጭማቂ ብቻውን ያልበራው።

ለአብሪ ጢንዚዛ ይህም አይበቃውም። በ1947 ዊልያም ማኬልሮይ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሕዋሳት ጉልበት የሚያንቀሳቅሱበት ኤቲፒ የተሰኘ ሞለኪውል ካልታከለ ብርሃኑ እንደማይፈጠር አሳየ። ለምርምሩ የሚያስፈልጉትን ጢንዚዛዎች የባልቲሞር ከተማ ልጆች ለአንድ መቶው 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ይለቅሙለት ነበር። ሉሲፈሪን በኤቲፒና በማግኒዥየም አጋዥነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ሞለኪውል ከልክ ያለፈ ጉልበት ይይዛል፤ ሲረጋጋ ትርፉን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቀዋል። በ2008 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ልኬት እንደሚያሳየው በዚህ መንገድ ከሚቃጠሉ 100 የሉሲፈሪን ሞለኪውሎች 41 ያህሉ ብርሃን ይሰጣሉ። የድሮው የክር አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል፤ ጢንዚዛው ግን በእጅ ቢያዝ እንኳ አያቃጥልም።

አብሪ ጢንዚዛዎች ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ብርሃን አመንጪው አካል በሆዳቸው የመጨረሻ ክፍሎች ሥር ይገኛል። የላይኛው ቆዳ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ከሥሩ አብሪ ሕዋሳት፣ ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ውጭ የሚመልስ በዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች የተሞላ ሽፋን አለ። ጢንዚዛው ብልጭ ድርግም የሚለው ወደ ሕዋሳቱ የሚደርሰውን ኦክስጅን በመቆጣጠር ነው። አእምሮው ትእዛዝ ሲልክ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠርና ሌሎቹ የሕዋስ ክፍሎች ኦክስጅን መጠቀማቸውን ለአፍታ ያቆማሉ፤ የተረፈው ኦክስጅን ወደ ሉሲፈሪኑ ይደርሳል። ይህ የታወቀው በ2001 ነው።

የጢንዚዛው ዕድሜ አብዛኛው የሚያልፈው በትልነት ነው። ትሉ እርጥብ አፈርና የረገፈ ቅጠል ውስጥ እየኖረ ቀንድ አውጣ፣ አፈር ትልና የመሳሰሉትን ያድናል፤ ያደነውን በመንጋጋው ወግቶ በመርዝ ያደነዝዘውና የሚያሟሟ ፈሳሽ ጨምሮበት ይመጠዋል። በአንዳንድ ዝርያዎች ይህ ዘመን ከአንድ ዓመት ያልፋል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን የሚኖረው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ትሎቹም ያበራሉ፤ የእነሱ ብርሃን ሥጋቸው መራራ መሆኑን ለአዳኞች የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ክንፍ ያወጡት ብርሃናቸውን በዋናነት የሚጠቀሙበት ለመጠናናት ነው። በብዙ ዝርያዎች ወንዱ እየበረረ የዝርያውን ምልክት ይልካል፤ ሣር ላይ የተቀመጠችው ሴት ምልክቱ የወገኗ መሆኑን ካወቀች በልኩ ቆይታ ትመልስለታለች። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ሴት አብሪ ጢንዚዛዎች የሌላ ዝርያ መልስ አስመስለው እየሰጡ የቀረበውን ወንድ ይበሉታል። ጄምስ ሎይድ ይህን በ1965 ሲገልጽ፣ ብርሃኑ እውነተኛ ቋንቋ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ሊዋሹበት የሚቻለው የሚሰማው ሲኖር ነውና።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚገኘው ኪሊማኒ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍጥረት ተስማሚ የነበረ ሰፈር ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በኪሊማኒና በአጎራባቹ ኪሌሌሽዋ የኪሪችዋ ወንዞች ያልፋሉ፤ በሰሜን በኩል በ1907 የተመሠረተው የናይሮቢ አርቦሬተም 30 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ከ300 በላይ የዛፍ ዝርያዎችን ይዟል። መጀመሪያ የተተከለው ለባቡር ማገዶ የሚሆን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ለመሞከር ነበር። እርጥብ አፈር፣ የወደቀ ቅጠል፣ ቀንድ አውጣና ጨለማ የትሉ አራት ፍላጎቶች ናቸው። ሰፈሩ ሰፋፊ ግቢ ባላቸው ቪላዎች ይታወቅ በነበረበት ዘመን አራቱም በየአጥሩ ሥር ነበሩ። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን በቪላዎቹ ቦታ ፎቆች ቆመዋል፤ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም የሚገኙት በእነዚሁ ፎቆች መካከል ነው። ግቢው ኮንክሪት ሲለብስ ትሉ መኖሪያ ያጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የአጥርና የመንገድ መብራት ደግሞ የወንዱን ምልክት ይውጠዋል። የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች በ2020 ባወጡት ዳሰሳ የአብሪ ጢንዚዛ ዋና ጠላቶች የመኖሪያ መጥፋት፣ ሰው ሠራሽ መብራትና ፀረ ተባይ መድኃኒት መሆናቸው ተገልጿል። መብራት የማይጎዳው ጢንዚዛም አለ፦ ቆዳ የሚያቃጥለው የናይሮቢ ዝንብ። ስሙ ዝንብ ቢሆንም ጢንዚዛ ነው፤ ራሱ አያበራም፣ በዝናብ ወራት ግን መብራት እየተከተለ ቤት ይገባል።

ከናይሮቢ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ብርሃኑ የሚገኘው በውኃ ውስጥ ነው። በኬንያ ጠረፍ በኪሊፊ የባሕር ሰርጥ በጨለማ ሌሊት ቀዘፋ ውኃውን ሲመታ ሰማያዊ ብልጭታ ይነሳል። የሚያበሩት ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው፤ ሲነኩ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ለሚሆን ጊዜ ይበራሉ። ብልጭታው ሊበላቸው የመጣውን ትንሽ እንስሳ ያስደነግጣል፤ ያለበትንም ስፍራ ለትልቅ አዳኝ ያሳብቅበታል።

ከዚህ ፍጹም የተለየው ባሕሩ ሳይነካ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወተት ነጥቶ የሚያበራበት ክስተት ነው። መርከበኞች ለዘመናት ሲተርኩት ብዙዎች አላመኑም። ሊማ የተባለች የእንግሊዝ ንግድ መርከብ ጥር 25 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) ከሶማሊያ ጠረፍ 150 የባሕር ማይል ርቃ ስትጓዝ በእንዲህ ያለ ባሕር ተከበበች። ስቲቨን ሚለርና ባልደረቦቹ ከዓመታት በኋላ የዚያን ዕለት የሳተላይት ምስሎች ሲመረምሩ መርከቧ በመዘገበችው ስፍራ 15,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ብርሃን አገኙ፤ ብርሃኑ ለሦስት ተከታታይ ሌሊቶች ታይቷል። ግኝቱ በ2005 ታተመ። እንዲህ የሚያበሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ጥቂት ሲሆኑ አያበሩም፤ እያንዳንዳቸው የሚለቁት ኬሚካል ተጠራቅሞ ብዛታቸውን ሲያሳውቃቸው አብረው ይበራሉ። አንዲት ባክቴሪያ ብቻዋን ብታበራ የሚያያት አይኖርም።

ለጣናና ለቪክቶሪያ ሐይቆች ዳርቻ ነዋሪዎች ግን እንዲህ ያለ ትዕይንት አይታይም። በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚያበራ እንስሳ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሚታወቁት ዋነኛው በኒውዚላንድ ወንዞች የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ሐይቆች ከውቅያኖስ አንጻር ወጣቶች መሆናቸውና ብዙዎቹም ደፍራሽ መሆናቸው እንደ ምክንያት ይጠቀሳል። በጥልቅ ባሕር ነገሩ ተቃራኒ ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ ለ17 ዓመታት እስከ 4,000 ሜትር ጥልቀት በካሜራ ከታዩት የውኃ እንስሳት 76 በመቶው ብርሃን የሚያመነጩ ሆነው ተገኝተዋል። በቀይ ባሕር ኮራል መካከል የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ ከየዓይኑ ሥር አብሪ ባክቴሪያ የሞላበት ከረጢት አለው፤ ጥቁር ክዳን ከፍ ዝቅ እያደረገ ብርሃኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በብርሃኑ ምግቡን ይፈልጋል፣ ከወገኖቹ ጋር ይገናኛል፤ አዳኝ ሲመጣበት ደግሞ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ አቅጣጫ ቀይሮ ያመልጣል። ብርሃን የማመንጨት ችሎታ በሕያዋን ታሪክ ከ40 ጊዜ በላይ ለየብቻው እንደተፈጠረ ይገመታል፤ ሉሲፈሪኖቹም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሰው ከዚህ ብርሃን ብዙ ተጠቅሟል። የአብሪ ጢንዚዛ ሉሲፈሬዝ ኤቲፒ ባገኘ ጊዜ ስለሚያበራ፣ በምግብ ፋብሪካና በሆስፒታል የተጠረገ ገጽ በእርግጥ መጽዳቱ በእሱ ይመረመራል፤ የምግብ ትራፊም ሆነ ጀርም ካለ ኤቲፒ አለና መሣሪያው ብርሃኑን ይለካል። ኦሳሙ ሺሞሙራ ደግሞ በ1961 በአሜሪካ ፍራይዴይ ሃርበር አሥር ሺህ ያህል ጄሊፊሽ ሰብስቦ ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን አወጣ። አብሮት የተገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን በሌላ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ቢገባም እንደሚደምቅ ማርቲን ቻልፊ አሳየ፤ ሮጀር ቺየን ደግሞ በብዙ ቀለም እንዲገኝ አደረገው። ሦስቱ በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ፤ ተመራማሪዎችም ዛሬ የነርቭ ሕዋስን እድገትና የካንሰርን መስፋፋት በሕያው አካል ውስጥ የሚከታተሉት በዚሁ ፕሮቲን ነው።