የዶርሙ ራውተር፦ ሥልጣኑ እስከ የት ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መኖሪያዎቻቸውን በር ይከፍታሉ። ከአዲስ አበባ የሄደውም ሆነ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሐበሻ ቤቶች የወጣው ተማሪ ሻንጣ ሲፈተሽ ከሽሮውና ከበርበሬው ጎን አንድ ያገለገለ ራውተር አይታጣም። “የዶርም ዋይ ፋይ አይረባም” የሚለው ወሬ ቀድሞ ይደርሳላ! ታዲያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያለ እንከን ያገለገለው ይኸው ዕቃ ዶርም ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ወይ ጨርሶ አይሠራም፤ ወይ ደግሞ የጎረቤቶቹን ሁሉ ኢንተርኔት ያቋርጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሊያስቀርብ ይችላልና።

ነገሩ በመሠረቱ የሥልጣን ጥያቄ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያደርገው “አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?” ብሎ መጮህ ነው። ለዚህ ጩኸት መልስ የሚሰጠው አገልግሎት ዲኤችሲፒ ይባላል፤ ቀበሌ ለቤቶች ቁጥር እንደሚሰጠው ማለት ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ራውተሩ ነው፤ ተቀናቃኝ የለውም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ግን ቁጥር አዳዩ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ሁለት ቀበሌዎች ለአንድ ሰፈር ቁጥር ቢያድሉ የሚፈጠረውን መገመት አያስቸግርም።

አደጋው የሚመጣው ከአንዲት ተራ ስህተት ነው። ከራውተሩ ጀርባ ሁለት ዓይነት መሰኪያዎች አሉ። አንዷ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ብዙውን ጊዜ ቀለሟም የተለየ፣ “ዋን” ወይም “ኢንተርኔት” የሚል የተጻፈባት ናት። የቀሩት ቁጥር የተሰጣቸው “ላን” የሚባሉት ናቸው። ከግድግዳው የመጣው ኬብል በመጀመሪያዋ ከገባ የራውተሩ ሥልጣን በክፍሉ ውስጥ ይወሰናል። ከላኖቹ በአንዱ ከገባ ግን ራውተሩ ለኮሪደሩ ሁሉ ቁጥር ማደል ይጀምራል። ቅርብ በመሆኑ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ ደግሞ ባብዛኛው ቀድሞ የመለሰውን ያምናሉ። ውጤቱም ጎረቤቶቹ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣቸውና ወደ የትም የማያደርስ በር ላይ ተኮልኩለው ይቀራሉ። ዘመናዊ የካምፓስ ስዊቾች ከተማሪ ክፍል የሚመጣን እንዲህ ያለ መልስ ያግዱታል፤ አንዳንዶቹም መሰኪያውን በራሳቸው ይዘጉታል። ተማሪው ፈተናውን ኢንተርኔት ላይ ሊፈተን ሲቀመጥ ግድግዳው “የሞተበት” ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ራውተሩን ከመሐል በማውጣት ነው። ኮምፒዩተሩን በኬብል በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካትና የተሰጠውን አድራሻ ማየት። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ለጩኸቱ ማንም አልመለሰም፤ ኮምፒዩተሩ ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። መሰኪያው ተዘግቷል ወይም ኬብሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ጥፋተኛው የጎረቤት ራውተር ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለው አድራሻ በካምፓስ ኔትወርክ ላይ ብዙም አይለመድም። ሌላ ከሆነና ኢንተርኔቱ ግን እንቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ምዝገባ ይዞራል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱን ዕቃ በማክ አድራሻው ይመዘግባሉ። ይህ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው የፋብሪካ መለያ ሲሆን የራውተሩ ከታቹ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ያልተመዘገበ ዕቃ ከምዝገባው ገጽ በቀር ወዴትም አያልፍም። አንዳንድ ራውተሮች የተመዘገበውን የኮምፒዩተር መለያ ቀድተው የራሳቸው የሚያስመስሉበት አማራጭ አላቸው፤ “ይሠራል” ብሎ የሚመክርም አይጠፋም። ይሠራል፤ ግን ደንቡ ራውተር በሚከለክልበት ግቢ ይህን ማድረግ በሌላ ሰው መታወቂያ በር እንደማለፍ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አይፎኖች ለእያንዳንዱ ዋይ ፋይ የተለየ መለያ ይፈጥራሉ፤ ትናንት የተመዘገበ ስልክ ዛሬ “አላውቅህም” ቢባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ አሠራር ነው።

አንዳንድ ግቢዎች ደግሞ በኬብልም ቢሆን የተማሪውን ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን 802.1ኤክስ የተባለ ሥርዓት ይጠቀማሉ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ይህን ቋንቋ ስለማይናገሩ እዚያ ላይ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፤ ራውተሩን ወደ ሻንጣው መመለስ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። “ዩኒቨርሲቲው የራሴን ዋይ ፋይ የመከልከል ምን መብት አለው?” የሚለው ሙግት ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። በአሜሪካ በአየር ሞገድ ላይ የመወሰን ሥልጣን የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። የቦስተን ሎጋን አየር ማረፊያ አስተዳደር ኮንቲኔንታል አየር መንገድን በተከራየው የመንገደኞች ማረፊያ የተከለውን ዋይ ፋይ አንሣ ባለው ጊዜ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአየር መንገዱ ወስኗል። ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያም በናሽቪል ሆቴሉ የእንግዶችን የግል ዋይ ፋይ ሆን ብሎ በማቋረጡ እ.ኤ.አ. በ2014 ስድስት መቶ ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የእነዚህ ጉዳዮች ጭብጥ ግን አየሩ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መሰኪያና ከጀርባው ያለው ኔትወርክ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው፤ ተማሪውም ሲገባ የአጠቃቀም ደንቡን ፈርሟል ወይም ምልክት አድርጎ አልፏል። ሰው ያላነበበው ውል እንደሚያስረው መቼም የሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

የክልከላው ምክንያትም መሠረት አለው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ በአሜሪካ 11 ቻናሎች ቢኖሩም እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ፎቅ ሠላሳ ክፍል ሠላሳ ራውተር ቢሰካ ሁሉም ይጮሃል፤ ማንም ግን አይሰማማም። በተፈቀደበት ግቢ ቢሆን እንኳ 5 ጊጋኸርዙን መጠቀምና ጉልበቱን መቀነስ ይሻላል።

ወላጆች እምብዛም የማያስቡት ሌላው ጉዳይ ኃላፊነት ነው። ራውተር ከኋላው ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ በአንድ አድራሻ ይሸፍናቸዋል። ዩኒቨርሲቲው የሚያየው የተመዘገበውን ተማሪ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን የተዋሰ የኮሪደር ጓደኛ በሕገ ወጥ መንገድ ፊልም ቢያወርድ የባለመብቱ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ለራውተሩ ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ፣ ከተጠያቂነት ጥበቃ የሚፈልግ አገልግሎት ሰጪ በተደጋጋሚ የሚጥሱ ተጠቃሚዎችን የሚያሰናብት ፖሊሲ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ የ2008ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ድርጊት የሚከላከሉበት ዕቅድ እንዲያወጡ ያዛል። “እኔ አይደለሁም” የሚለው መከላከያ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከራውተሩ ጀርባ ጠፍቷል። በቪዛ ለሚማር ልጅ የዲሲፕሊን መዝገብ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ ከትምህርት መታገድ የመኖሪያ ፈቃዱንም ሊነካ ይችላልና።

መሰኪያው ከተዘጋ ደግሞ “ኢንተርኔት የለም” ብሎ ለድጋፍ ክፍሉ መጻፍ ቀናት ያስፈጃል። የሕንፃውን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የመሰኪያ ቁጥር፣ የዕቃውን ማክ አድራሻና የተቋረጠበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። ራውተር ተሰክቶ ከነበረም አለመደበቅ ነው፤ ስዊቹ መዝግቦታል። መሰኪያውን መልሰው ከመክፈታቸው በፊት የሚጠይቁትም የመጀመሪያ ነገር ራውተሩ መነቀሉን ነው።