አፈሙዝ የሚያረጋጋው ኮምፔንሴተር ብቻ አይደለም

ሽጉጥ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚነሳው በርሜሉ ከያዘው እጅ በላይ ስለሚቀመጥ ነው። ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ከእጅ በላይ ሲያርፍ ሽጉጡ በተኳሹ አንጓ ላይ ይዞራል። አረሩ ግን አፈሙዙ ብዙም ሳይነሳ ስለሚወጣ የሚጎዳው ተከታዩ ተኩስ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በሚመራቸው ውድድሮች ፍጥነትና ነጥብ አብረው ስለሚታሰቡ፣ ማነጣጠሪያው ወደ ዒላማው እስኪመለስ የሚጠፋው ቅጽበት ውጤት ይለውጣል።

ብዙዎች መፍትሔውን ከበርሜሉ ጫፍ በሚታሰረው ኮምፔንሴተር ብቻ ይፈልጉታል። ኮምፔንሴተር በላይኛው ገጹ ባሉት ቀዳዳዎች የባሩድ ጋዝ ወደ ላይ ሲተፋ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫናል። ስለዚህ ጉልበቱ የጋዙ ነው፤ በቂ ጋዝ ካላገኘ ሽጉጡን ከማክበድ ያለፈ ጥቅም የለውም። የአሜሪካ ተወዳዳሪዎች በ1980ዎቹ ከ.45 ወደ .38 ሱፐር ጥይት ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመጀመሪያው የግፊት ጣሪያ 21,000፣ የሁለተኛው 36,500 ፒኤስአይ ነው።

ልዩነቱ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይበልጥ ይታያል። በውድድር የጥይት ጉልበት የሚለካው የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ 125 ነው። 147 ግሬን አረር በ860፣ 115 ግሬን አረር በ1100 ጫማ በሰከንድ ሲወጡ ሁለቱም 126 ገደማ ይሆናሉ። ከባዱ በጥቂት ባሩድ ስለሚገፋ ኮምፔንሴተር በሌለው ሽጉጥ ለስለስ ይላል። ቀላሉ ብዙ ባሩድና ጋዝ ስለሚጠይቅ ኮምፔንሴተሩን በደንብ ያሠራዋል።

«ለስላሳ ጥይት ካለ ኮምፔንሴተር ለምን?» የሚል ይኖራል። ለዝቅተኛው ደረጃ ክርክሩ ልክ ነው፤ እንዲያውም ደካማ ጥይት ኮምፔንሴተር የከበደውን ሽጉጥ ቀልሃ ሳያስወጣ ሊያስቆመው ይችላል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ግን ጥይቱን ማለስለስ ደንቡ አይፈቅድም። አያያዝ ይቀድማል የሚሉትም እውነታቸውን ነው፤ የልል እጅን ጉድለት የትኛውም መሣሪያ አያካክስም። ኮምፔንሴተር የሚያስከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም፤ ፍንዳታው ወደ ጎረቤት ተኳሽ ጆሮ ይደርሳል፣ ሽፋን የሌለው የእርሳስ አረርም እየተላጨ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ኮምፔንሴተር ለመግዛት ያሰበ ተኳሽ አስቀድሞ የሚተኩሰውን ጥይት ይወስን።