ቅድመ አያቴን ያገኘኋት በክርስትና ስሟ ነው

የአያቴን እናት ፍለጋ ጎጃም ሄጄ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የራሳችሁን ለመፈለግ ይረዳችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት የተቀበረችበት ደብር ነው። ስሟን ጠርቼ ጠየቅሁ፤ የሚያውቃት ጠፋ። አንድ አረጋዊ ቄስ ግን «ልጄ፣ ይህ የዓለም ስሟ ነው፤ ክርስትናዋ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ ሌላ ስም ትሰጣለች፤ ፍትሐቱም የሚደረሰው በዚያ ስም ነው። ጦረኛ ወይም መኳንንት ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን አስቡ፦ ሲወለዱ ተፈሪ፣ በክርስትና ኃይለ ሥላሴ፣ በፈረሳቸው አባ ጠቅል። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላውን መዝገብ ሳያየው ያልፋል።

የክርስትና ስሟን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ የአያቴ ታናሽ እህት፣ ዘጠና ያለፋቸው። መቼ እንደተወለደች ስጠይቃቸው «እናቴ የዘመነ ሉቃስ ልጅ ናት። በኅዳር በሽታ እናቷ ስትሞት ደጅ ትሯሯጥ ነበር አሉ፤ ከመንደሩ ያወጧት ግን አዝለው ነው» አሉኝ። ይህ ንግግር ዓመቱን በውስጡ ይዟል። የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ የበረታው በ1911 ነው፤ እሱም ዘመነ ሉቃስ ነበር። ወንጌላውያኑ በ4 ዓመት ስለሚዞሩ የቀደሙት ሉቃሶች 1907 እና 1903 ናቸው። በ1911 ብትወለድ ገና አራስ ናትና አትሮጥም፤ በ1903 ብትወለድ ሰባት ዓመት አልፏታልና አትታዘልም። ስለዚህ የተወለደችው በ1907 ነው።

እናቷንና አያቷን ያገኘሁት ከአሮጌ ሳጥን በወጣ ወረቀት ላይ ነው። አያቴ በእናቱ በኩል ርስት የተሟገተበት ጽሑፍ ነው። ስማችን ከአባት ወደ አባት ስለሚሄድ እናቶች ከሐረጉ ይወድቃሉ። ርስት ግን በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ተሟጋቹ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሴቶቹንም ሳይዘል መቁጠር ነበረበት። በዚያ ወረቀት ላይ ቅድመ አያቴ አለች፤ ከእሷ በላይ በኅዳር በሽታ የሞተችው እናቷ፣ ከእናቷም በላይ አያቷ። ያ ሙግት ባይኖር ኖሮ የሁለቱን ስም ዛሬ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ከዚያ በኋላ ትውልድ የሚቆጠረው በአብዛኛው ለጋብቻ፣ እስከ ሰባት ቤት ለማጣራት ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። ለርስት ብለው የቆጠሩት ሰዎች ዛሬ በሰማንያና በዘጠና ዓመት ላይ ናቸው።

እማማ ባለፈው ጥር አረፉ። ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ፣ ያኔ ስጠይቃቸው በስልኬ የቀዳሁትን ድምፃቸውን ሰምቼ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

ወዳጆቼ፣ ለመጪው በዓል ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱ ታላላቆቻችሁን አናግሩና ድምፃቸውን ቅዱ። የክርስትና ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ወንጌላዊ፣ የእናቶቻቸውን ስም ጠይቁ። በሳጥን ውስጥ ያለ የሙግት ወረቀት ካለም ሳታነቡ አትጣሉ።